ትኩሳቱ አልለቅ ካለ፦ ሲፕሮ ልግዛ ወይስ ደሜን ልስጥ?

ታናሽ ወንድሜ ባጃጅ ይነዳል። ጎንደር ውስጥ፣ ከፒያሳ አዘዞ፣ ከአዘዞ ማራኪ፣ ቀኑን ሙሉ። 29 ዓመቱ ነው። አያጨስም፣ አይቅምም፣ እሁድ እሁድ ኳስ ይጫወታል። ቤታችን ውስጥ «ጤነኛው» የሚባለው እሱ ነበር። ይሄው ጤነኛ ልጅ የልቡ ቫልቭ ላይ ባክቴሪያ ሰፍሮበት 6 ሳምንት አልጋ ያዘ።

ከዚያ ወዲህ የሰፈሩ ሰው ሁሉ እኔን ይጠይቃል። ካልቸር (ደም ወስዶ ባክቴሪያ የማብቀል ምርመራ) የግድ ነው ወይ? በጉሮሮ የሚገባው ኢኮ (የልብ አልትራሳውንድ) ይሻላል? መርፌው በኪኒን አይተካም? የብረቱ ቫልቭ ነው የሥጋው? ለአንዱ ስመልስ ሌላው ይመጣል፣ ስለዚህ አንዴ ልጻፈው አልኩ። ሐኪም አይደለሁም፣ አስታማሚ ነበርኩ። አስታማሚ ደግሞ 6 ሳምንት ወንበር ላይ ሲቀመጥ ከመጠየቅና ከማንበብ ሌላ ሥራ የለውም። መጨረሻ ላይ የሚወስነው ሐኪማችሁ ነው፤ ግን ምን እየተመረጠ እንደሆነ ገብቷችሁ ብትቀመጡ ይሻላል።

በሽታው ኢንዶካርዳይቲስ ይባላል። ባክቴሪያ ከሆነ ቦታ ደም ውስጥ ይገባና የልብ ቫልቭ ላይ ይሰፍራል። ቫልቮቹ ደም ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚከፈቱና የሚዘጉ ስስ በሮች ናቸው። እዚያ ላይ ባክቴሪያውና የረጋ ደም አንድ ላይ ተጣብቀው ጉብታ ይሠራሉ። ጉብታው ቫልቩን ይበላዋል። አንዳንዴም ቁራሽ ይነሳለትና በደም ተጉዞ አንጎል ወይም ኩላሊት ይዘጋል። ብርቅ በሽታ ነው፤ በዓመት ከ100,000 ሰው ከ3 እስከ 10 የሚሆነውን ይይዛል። ከያዘ ግን ቀልድ የለም፦ ሆስፒታል ገብተው ከሚታከሙት እንኳ ከ5 ሰው 1 ያህሉ ይሞታል። ፔኒሲሊን ከመምጣቱ በፊት ደግሞ የሚተርፍ አልነበረም ማለት ይቻላል።

«ጤነኛን ሰው እንዴት ይይዛል?» ይሄ የሁሉም ጥያቄ ነው። አንዳንዱ ጤነኛ የሚመስለው ስላልተመረመረ ብቻ ነው። ከ100 ሰው 1 ወይም 2 የሚሆነው ሦስት ክንፍ ሊኖረው የሚገባው የአኦርታ ቫልቭ ሁለት ክንፍ ብቻ ኖሮት ይወለዳል፣ ዕድሜውን ሙሉ ላያውቀው ይችላል። ሌላው ልጅ እያለ ጉሮሮውን ታሞ ሳይታከም ቀርቶ ቫልቩ በሩማቲክ በሽታ ተጎድቷል፤ ይሄ እኛ አገር በጣም ብዙ ነው። ስታፍ የሚባለው የቆዳ ባክቴሪያ ግን ምንም ችግር የሌለበትን ቫልቭም አይምርም፤ አንድ የተመረቀዘ ቁስል በቂው ነው። ስትሬፕቶኮከስ የሚባለው የአፍ ውስጥ ባክቴሪያ ደግሞ በታመመ ድድና በተቦረቦረ ጥርስ በኩል ይገባል።

የእኛ አካባቢ የራሱ መንገዶችም አሉት። ጥሬ ወተት ብሩሴላን ያመጣል። ላም፣ በግ ወይም ፍየል ሲያዋልዱ ከእንግዴ ልጁና ከፈሳሹ ኪው ፊቨር የሚባለው ሊይዝ ይችላል። የልብስ ቅማል ባርቶኔላ የሚባል ባክቴሪያ ያስተላልፋል፤ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ምሽግ ውስጥ ወታደሩን ሲያሠቃይ የነበረው ትኩሳት የእሱ ነው። እነዚህ ሦስቱ ልብ ላይ የሚወጡት አልፎ አልፎ ነው። ሆኖም ሐኪሙ «ከብት አላችሁ? ጥሬ ወተት ትጠጣለህ? የት ነው የምታድረው?» ብሎ ሲጠይቅ ነገር ፍለጋ አይምሰላችሁ፤ በእውነት መልሱለት። ኪው ፊቨርና ባርቶኔላ በተለመደው ካልቸር አይበቅሉም፣ ካልተጠረጠሩ አይገኙም። እንጥል ያስቆረጠ፣ ዋግምት ያስደረገም ይናገር። ማንም አይቆጣውም። ቢቆጣውም ይናገር።

ዳማከሴ፣ ሲፕሮ ወይስ ካልቸር

እዚህ ላይ ረዘም ላደርገው ነው፤ እኛ የተሳሳትነው እዚህ ነዋ።

ነገሩ በምች ተጀመረ። ምች መሰለን ማለት ይሻላል። ማታ ማታ ይንቀጠቀጣል፣ ሌሊት አንሶላው በላብ ይርሳል፣ ጠዋት ደግሞ ተነስቶ ባጃጁን ያስነሳል። እናታችን ዳማከሴ ጨምቃ በቡና አጠጣችው። አልለቀቀውም። በሁለተኛው ሳምንት አንድ ክሊኒክ ሄደ። ደም ወሰዱ፣ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ «ታይፎይድም ታይፈስም አለብህ» ተባለ፣ ሲፕሮ የሚባለው አንቲባዮቲክ ኪኒን ተጻፈለት። ባራተኛው ቀን ተሻለው፣ ቤቱ በምስጋና ሞላ። መድኃኒቱን በጨረሰ በሳምንቱ ትኩሳቱ ተመለሰ። ቀጥሎ ያለ ማዘዣ አሞክሳሲሊን ገዛ። ተሻለው። ተመለሰበት። በዚህ መሃል ቀበቶው ሁለት ቀዳዳ ጠበበ።

እናንተም ቤት «ተሻለው፣ ተመለሰበት» የሚል ታሪክ ካለ ቆም በሉ።

ኪኒኑ ደም ውስጥ የሚዋኘውን ባክቴሪያ ይመታል፤ ትኩሳቱ የሚወርደው ለዚያ ነው። ቫልቩ ላይ ጎጆ የሠራውን ግን አይደርስበትም። ሲያቆሙት ጎጆው እንደገና ይፈለፍላል። ጉዳቱ በዚህ ቢያበቃ ደግ ነበር። ኪኒኑ ደሙን ስላጸዳው ካልቸር ቢወሰድም ምንም ላይበቅል ይችላል። ከምርመራው በፊት የተወሰደ አንቲባዮቲክ ባክቴሪያውን የማግኘት ዕድል ከ35 እስከ 40 በመቶ ይቀንሳል ይባላል። ሌባውን መልኩን ሳያዩ ጮኾ እንደ ማባረር ነው፤ ነገ ሲመለስ ማን ብለህ ትከሰዋለህ?

ስለ ታይፎይድ ምርመራውም ልናገር። ዊዳል የሚባለው ፈጣኑ ምርመራ የሚያየው ባክቴሪያውን ሳይሆን ሰውነት ለመከላከል የሠራውን ነገር ነው። ድሮ ከያዛችሁ በሽታም፣ ከሌላ ኢንፌክሽንም ሊያሳይ ይችላል። አንድ ጊዜ ፖዘቲቭ ወጣ ማለት የአሁኑ ትኩሳት ታይፎይድ ነው ማለት አይደለም። የታይፈሱም ምርመራ እንደዚያው ነው። ከመተማ ወይም ከቆላው የተመለሰ ሰው መጀመሪያ ወባውን ይታይ፣ ልክ ነው። ሳምንት ካለፈው፣ ሳል ካለ ቲቢም ይታሰባል። የሌሊት ላብና ክሳት የቲቢም የኢንዶካርዳይቲስም ምልክት ነውና። እነዚህ ሁሉ ታይተው መልስ ከጠፋ ግን ሁለተኛ ዙር ሲፕሮ መልስ ሊሆን አይችልም።

ስለዚህ ስናወዳድር፦ የፋርማሲው መንገድ ርካሽ ነው፣ ወረፋ የለውም፣ በዚያው ቀን ሥራ ትገባላችሁ። የካልቸሩ መንገድ ካርድ ማውጣት አለበት፣ ወረፋ አለበት፣ ውጤቱም እስከ 5 ቀን ያስጠብቃል፤ ብዙው ግን በ2 ወይም በ3 ቀን ይታወቃል። በሱ ፋንታ የሚያገኙት የጠላትን ስም ነው። ስሙ ከታወቀ በአንድ መድኃኒት ታነጣጥራላችሁ። ካልታወቀ ወንድሜ እንደሆነው ነው፦ የእሱ ካልቸር ምንም አላወጣም፣ ሐኪሞቹ በግምት ሁለት ሦስት መድኃኒት ደራርበው ሰጡት፣ አንዱ ጄንታማይሲን ነበር፣ ኩላሊትና ጆሮ ይጎዳል ተብሎ በየጊዜው ደሙ ይታይ ነበር። በአራተኛው ቀን «ጆሮዬ ውስጥ ንብ አለ» ብሎ አስደንግጦን ያውቃል።

ካልቸር ሲወሰድ አንድ ጠርሙስ ብቻ ከሆነ ጠይቁ። ለዚህ በሽታ ሦስት ጊዜ ነው የሚወሰደው፣ ከተለያየ ደም ሥር፣ በመጀመሪያውና በመጨረሻው መካከል ቢያንስ አንድ ሰዓት ይቆያል። በአዋቂ ለአንድ ጠርሙስ 10 ሚሊ ሊትር ያህል ደም ይገባል። ብዙ ይመስላል፣ አስታማሚም «ደሙን ጨረሱት» እያለ ያጉረመርማል። እኔም አጉረምርሜአለሁ። የደሙ መጠን ሲያንስ ግን ባክቴሪያው የመገኘት ዕድሉም ያንሳል።

አንድ ነገር ግን ለዩ። ትኩሳቱ ሳምንታት የቆየበትና ቆሞ የሚሄድ ሰው መድኃኒቱ ለጥቂት ሰዓት ቢዘገይበት፣ ሐኪም ካለ ለአንድ ሁለት ቀንም ቢሆን፣ ምንም አይሆንም። በድንገት የወደቀ፣ የሚቃዥ፣ የሚያለከልክ፣ ግፊቱ የወረደ ሰው ግን ሌላ ነው፤ እሱ በፍጥነት ደሙ ይወሰድና መድኃኒቱ ወዲያው ይጀመርለታል። ስታፍ እንዲህ ነው የሚመጣው፣ ቀናት እንጂ ሳምንታት አይሰጥም። ከትኩሳት ጋር አፉ ከተጣመመ ወይም ግማሽ አካሉ ከሰነፈ ደግሞ ባጃጅ ጥሩና ቀጥታ ድንገተኛ ክፍል።

የእኛን ነገር የፈታችው እናታችን ናት። ምሳ ሊበላ ሲል እጁን ታስታጥበዋለች። ማስታጠቢያውን እንዳዘነበለች ቀረች። «እጅህን ምን ወጋው?» አለችው። ሦስት ጥፍሮቹ ሥር ስንጥር የገባ የሚመስል ጠቆር ያለ ቀጭን መስመር አለ፣ ከታች ወደ ላይ የቆመ። እሱ የባጃጁ ግሪስ መስሎት በሎሚ ሲፈትገው ከርሟል። የደም መስመር ነበር። ባጃጅ ጠጋኝ ሁሉ ጥፍሩ ሥር ጥቁር አለው፣ ጥፍርን ብቻ አይታችሁ አትደንግጡ። ከሳምንታት ትኩሳት ጋር ከሆነ ግን ለሐኪም አሳዩ። ጣት ጫፍ ላይ የሚያም ትንሽ ጉብታ፣ መዳፍ ላይ የማያም ቀይ ነጥብ፣ ሽንት ውስጥ ደምም እንዲሁ።

በደረት ኢኮ ወይስ በጉሮሮ

በደረት ላይ የሚደረገው ኢኮ ቀላል ነው። ቀዝቃዛ ጄል ይቀባሉ፣ ያያሉ፣ ይጽፋሉ። አያምም፣ መጾም አያስፈልግም፣ በብዙ ቦታም ይገኛል። ድክመቱ ሁሉንም አለማየቱ ነው፤ ሰው ሠራሽ ቫልቭ በሌለው ሰው ጉብታውን የሚያገኘው ከ10 ሕመምተኛ በ7ቱ ያህል ነው። በጉሮሮ የሚገባው ወርዶ ከልብ ጀርባ ሆኖ ልብን ከቅርብ ያያልና ከ10 ከ9 በላይ ያገኛል። ግን ጾም ያስፈልገዋል፣ ማደንዘዣ አለው፣ እንደ ደረቱም በየቦታው አይገኝም።

የቱን? መጀመሪያ የደረቱን፣ ሁልጊዜ። ጉብታው በግልጽ ከታየ፣ የሚያሰጋ ሌላ ነገር ከሌለ፣ በጉሮሮው ላይ አትጨቃጨቁ። የደረቱ ንጹሕ ወጥቶ ጥርጣሬው ከቀጠለ ወይም ቀድሞ ቫልቭ የተቀየረለት ሰው ከሆነ የጉሮሮው አስፈላጊ ነው። እሱ በአቅራቢያ ካልተገኘ ደግሞ የደረቱ ከ5 እስከ 7 ቀን ባለው ጊዜ ይደገም። «ኢኮ ተነስቼ ነጻ ነኝ» ብሎ ካርዱን አጥፎ ወደ ቤት የሄደ ሰው አውቃለሁ። በሳምንቱ ነው ተሸክመው ያመጡት።

ተኝቶ መርፌ፣ ተመላላሽ መርፌ፣ ወይስ ኪኒን

ሕክምናው ረጅም ነው። እንደ ባክቴሪያው ዓይነት ከ4 እስከ 6 ሳምንት፣ በደም ሥር። ለስላሳው የአፍ ስትሬፕቶኮከስ ብዙ ጊዜ 4 ሳምንት ይበቃዋል፣ ስታፍ 6 ይፈጃል። ለምን ይህን ያህል? ጉብታው ውስጥ ደም እንደ ልብ ስለማይዘዋወር መድኃኒቱ ሰርስሮ እስኪገባ ነው።

መጀመሪያው ሁለት ሳምንት ላይ ምርጫ ያለ አይምሰላችሁ። ቁራሽ ተነስቶ አንጎል የሚመታው በብዛት ያኔ ነው፣ ልብ በድንገት የሚደክመውም ያኔ ነው። ተኙ። ወንድሜ በአሥረኛው ቀን ትኩሳቱ ጠፍቶለት «ባጃጄ ቆማለች፣ ዕዳ አለብኝ» እያለ ሲያስቸግር አንዲት ነርስ መጥታ «ወንድምዓለም፣ ባጃጅህ ቆማ ትነሳለች፣ ልብህ ከቆመ ማን ያስነሳልሃል?» አለችው። ከዚያ በኋላ ዝም አለ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ግን ነገሩ ይለያያል። መድኃኒቱ በቀን አንዴ የሚሰጥ ከሆነ፣ ለምሳሌ ሴፍትሪያክሶን 2 ግራም፣ ሰውየው ከተረጋጋና ልቡ ካልደከመ፣ ከቤት እየተመላለሱ መወጋት ይቻላል። ቤታችሁ ሳሙና በር ወይም ቀበሌ 18 ከሆነ ይሄ ጥሩ ነው፤ የአስታማሚ ድካም ይቀንሳል፣ የቤት ምግብ ይበላል፣ የሆስፒታል ባክቴሪያም አያገኘውም። ከማክሰኚት ወይም ከዳባት በየቀኑ መምጣት ግን የማይሆን ነገር ነው፤ አንድ ቀን መኪና ሲጠፋ መድኃኒቱ ይዘለላል። ለገጠር ሰው ምክሬ ወይ ተኙ ወይ ሆስፒታሉ አጠገብ ዘመድ ቤት አርፉ ነው። ጎንደር ዘመድ የሌለው ሰው መቼም የለም።

ካኑላውን፣ ደም ሥር ውስጥ ገብቶ የሚቆየውን ቀጭን ቱቦ፣ ጠብቁ። እንዲህ ያለ ትንሽ ነገር ነው ብዙ ሰው የሚያስቸግረው። የወንድሜ ክንድ በሦስተኛው ሳምንት እንደ ሊጥ አብጦ ነበር፣ ደም ሥሩ ደርቆ ገመድ ሆነ። ቦታው ከቀላ፣ ከጋለ ወይም ካመመ ወዲያው ይነቀል፣ «ነገ ይቀየርልሃል» አይባልም። በልብ ኢንፌክሽን ተኝቶ በካኑላ ሌላ ኢንፌክሽን ማምጣት ምን የሚሉት ነው።

ኪኒንስ? ይሄ አዲስ ነገር ነው፤ ሰው ግን አጣሞ ሰምቶታል። በዴንማርክ 400 ሕመምተኞች ላይ ተጠንቶ እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ጥናት፣ ቢያንስ 10 ቀን በደም ሥር ታክመው የተረጋጉ ሰዎች ቀሪውን በኪኒን ቢጨርሱት በመርፌ ከጨረሱት አላነሱም ብሏል። ደስ የሚል ዜና ነው። ግን ልብ በሉ፦ ባክቴሪያው ይታወቅ ነበር፣ ኪኒኑ ሁለት ዓይነት ሆኖ በከፍተኛ መጠን ነበር፣ ከመቀየሩ በፊት በጉሮሮ ኢኮ ታይቷል፣ ክትትሉም ጥብቅ ነበር። ከሰፈር ፋርማሲ አሞክሳሲሊን መግዛት ከዚህ ጋር ዝምድና የለውም። ካልቸራችሁ እንደ እኛ ባዶ ከወጣ ደግሞ ኪኒን ለመምረጥ በጣም ይከብዳል፤ የትኛው ኪኒን?

ጠበል ለሚጠይቁኝ፦ ወንድሜን እናታችን ጠበል ይዛለት ትመጣ ነበር፣ ግንባሩን ትቀባዋለች፣ ሐኪሞቹም አልከለከሉም። መርፌ አቋርጦ ጠበል ቦታ መክረም ግን አይሆንም። እሷ ራሷ «መድኃኒቱንም የፈጠረው እሱ ነው» ነው የምትለው።

መድኃኒት ብቻ ወይስ ቀዶ ሕክምና፣ እና የማን ቫልቭ?

ሐብቱ ባለበት አገር ከሕመምተኞቹ ግማሽ ያህሉ ቀዶ ሕክምና ይደረግላቸዋል። ምክንያቶቹ ሦስት ናቸው ማለት ይቻላል፦ ቫልቩ ፈርሶ ልብ ከደከመ፣ ኢንፌክሽኑ በመድኃኒት አልበገር ካለ፣ ጉብታው ትልቅ ሆኖ ቁራሹ የሚያሰጋ ከሆነ፤ ከ10 ሚሊ ሜትር ሲያልፍ ሐኪሞች ማውራት ይጀምራሉ። ከሦስቱ የመጀመሪያው ነው ጊዜ የማይሰጠው። ጋደም ሲል ትንፋሽ የሚያጥረው፣ እግሩ የሚያብጥ ሰው «መድኃኒቱን ይጨርስና እናያለን» መባል የለበትም።

ለእኛ ልብ ተከፍቶ መሠራት ማለት በአብዛኛው አዲስ አበባ ሪፈር ማለት ነው። ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፣ መንገዱም እንደ ወቅቱ ነው። ስለዚህ ሪፈሩን ቶሎ ጠይቁ፤ ባይፈለግ ይቀራል። የካልቸሩን ውጤት፣ የኢኮውን ሲዲ፣ መድኃኒቱ የተጀመረበትን ቀን በአንድ ፌስታል ያዙ። እኔ በደብተር እጽፍ ነበር፣ አንድ ሬዚደንት ከካርዱ ይልቅ የእኔን ደብተር ይጠይቀኝ ጀመር።

ወንድሜ በመድኃኒት ብቻ ዳነ። አጠገቡ የተኛችው የዳባት ልጅ ግን ቫልቭ መቀየር ነበረባትና ምርጫው ሲቀርብላት ሰማሁ። 26 ዓመቷ፣ አንድ ልጅ አላት።

መጀመሪያ የሚጠየቀው የራስ ቫልቭ ይጠገን ይሆን ወይ ነው። ከተቻለ እሱን የሚያክል የለም። ካልተቻለ ሁለት መንገድ አለ። «የብረት» የሚባለው፣ ክንፎቹ ካርቦን ናቸው እንጂ ብረት አይደሉም፣ ለረጅም ዘመን ይቆያል። ግን ዕድሜ ልክ ደም ማቅጠኛ፣ ማለትም ዋርፋሪን ያስውጣል። ዋርፋሪን ደግሞ በየጊዜው የደም ምርመራ ይፈልጋል፤ ሲበዛ ያደማል፣ ሲያንስ ቫልቩ ላይ ደም ይረጋል። «የሥጋው» ዋርፋሪንን ዕድሜ ልክ አይጠይቅም፣ ነገር ግን ከ10 እስከ 15 ዓመት ውስጥ ያረጃል፣ በወጣት ሰው ላይ ከዚያም ይፈጥናል፣ ያኔ ደረት እንደገና ይከፈታል። የአሜሪካኖቹ መመሪያ ከ50 ዓመት በታች ላለ ወደ ብረቱ፣ ከ65 በላይ ወደ ሥጋው ያዘነብላል።

ይሄ መመሪያ ግን ከደም ምርመራ ጣቢያ በሁለት ፌርማታ ርቀት ለሚኖር ሰው የተጻፈ ነው። ከዳባት ገጠር ለምትመጣ ሴት ምርመራው ራሱ የአንድ ቀን መንገድ ነው። ምግቡም አለ፦ ጎመን ዋርፋሪንን ያዳክማል፣ ጾም ሲገባ ደግሞ የእኛ ሰው ጎመን በጎመን ይሆናል፣ ፋሲካ ሲደርስ በሥጋ ይለውጠዋል። ጎመን ተው አይባልም፣ መጠኑ ዓመቱን ሙሉ ተቀራራቢ ይሁን ነው የሚባለው። ሲጾሙ ደግሞ ለሐኪም ነግሮ ምርመራውን ማቀራረብ። ከሁሉ በላይ ግን ልጅቱ መውለድ ትፈልጋለች፤ ዋርፋሪን ደግሞ ፅንስን ይጎዳል፣ በተለይ ከ6ኛው እስከ 12ኛው ሳምንት።

የሥጋውን መረጠች። ከመስማማቷ በፊት አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀች፦ «የአሳማ ነው የላም?» ሐኪሙ ፈገግ ሊል ሲል ገታው። ተገቢ ጥያቄ ነው። ከአሳማ ቫልቭ የሚሠራ አለ፣ ከላም የልብ ሽፋን የሚሠራም አለ። ክርስቲያንም ሙስሊምም ቢሆን ቀድሞ መጠየቅ መብቱ ነው፣ ንስሐ አባትን ወይም ሼኩን ማማከርም ጊዜ ሳለ ነው። «የላም» ተባለች። ሁለተኛ ቀዶ ሕክምና እንደሚጠብቃት ተነግሯት፣ ገብቷት ነው የመረጠችው። እኔም በእሷ ቦታ ብሆን ያንኑ ነው የማደርገው፤ 50 ዓመት ሞልቶኝ ቤቴ ፒያሳ ቢሆን ደግሞ ብረቱን።

ከዳኑ በኋላ፦ ጥርስ

ጤነኛ ሰው ጥርሱን ሊነቀል ሲል ልቡን ፈርቶ አንቲባዮቲክ መዋጥ የለበትም። ድሮ በሰፊው ይሰጥ ነበር፤ የአሜሪካ የልብ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2007 በጣም ለሚያሰጋቸው ብቻ ብሎ አጠበበው። እነሱም ይሄ በሽታ አንዴ የያዛቸው፣ ሰው ሠራሽ ቫልቭ ያላቸው፣ እና አንዳንድ ከባድ የአፈጣጠር የልብ ችግር ያለባቸው ናቸው። ወንድሜ አሁን ከእነሱ ነው። ድድ የሚያደማ ሥራ ሲኖረው ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ቀድሞ አሞክሳሲሊን 2 ግራም አንዴ ይወስዳል፣ አበቃ። ለ5 ቀን አይደለም።

ይህን ከወርኃዊው መርፌ ጋር የሚያምታታ ብዙ ነው። ሩማቲክ ያለባቸው በየ3 ወይም 4 ሳምንቱ የሚወጉት ቤንዛቲን ፔኒሲሊን የጉሮሮውን በሽታ እንዳይመለስ ይከለክላል እንጂ ለጥርስ መነቀል አይሆንም። እንዲያውም መርፌውን የሚወስድ ሰው ጥርስ ሊነቀል ሲል ሌላ ዓይነት መድኃኒት ነው የሚመረጥለት፣ አፉ ውስጥ ያለው ባክቴሪያ ፔኒሲሊኑን ለምዶታልና። ለጥርስ ሐኪሙ ንገሩት፣ አይጠይቃችሁም።

ብሩሽ ወይስ መፋቂያ ለሚሉኝ፣ በየቀኑ የምታደርጉትን። ወንድሜ የወይራ መፋቂያውን ባጃጁ ውስጥ ያስቀምጣል፣ ማታ ደግሞ በብሩሽ። የተቦረቦረችውን ጥርሱን አስነቅሏል። ይቺ ጥርስ ናት መሰለኝ ያን ሁሉ ጣጣ ያመጣችው፣ ዓመት ሙሉ በቅርንፉድ ሲያባብላት ነበር።

በዚህ የጥምቀት ሰሞን አመሻሽ ላይ ደወለልኝ። ከፋሲል መዋኛ ሰው ሲያመላልስ ውሎ ብርድ መቶታል፣ አተኮሰው። ልቤ ቀጥ አለ።

«ምን ወሰድክ?» አልኩት።

«ምንም። እማዬ ዳማከሴ ይዛ ቆማለች። ደሜን ልስጥ መጀመሪያ ወይስ ልጠጣው?»

ሄዶ ሰጠ። ከአምስት ቀን በኋላ ካልቸሩ ባዶ ወጣ፣ ያኔ ጉንፋኑ ለቆት ነበር። ዳማከሴውንማ ከላብራቶሪ እንደተመለሰ በዚያው ማታ በቡና ጠጥቶታል።